የፊልሙ ጭራ

የዘይት ቀለም ሽታ ደሜን እንዲህ ያፈላዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። የልጄ የሳሮን ሠርግ ነበር፤ አጀቡ ጥሩምባውን እያንባረቀ ከዚራ ሰፈርን ዞሮ ሲያበቃ፣ እንደዚህ ዘመን ወግ ሙሽሮቹን «ፎቶ ማንሻ» ወደሚባለው ግቢ ይዘናቸው ገባን፣ ገና ከመኪናው እግሬን ሳወርድም በድሬዳዋ ፀሐይ የጋለ፣ በቅጡ ያልደረቀ የቀለም ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ቀና ስል በግ የሚያህል ቢጫ የሲሚንቶ ወፍ፣ አጠገቡ የሲሚንቶ ጎጆ ተሠርቶለት፣ ዙሪያውን ባለ ቀለም አምፖል ተደርድሮለት ቆሟል። የቆመው ደግሞ ሌላ ቦታ አይደለም፣ የግራራችን ጉቶ በነበረበት ላይ ነው። ነፍስ ያላቸውን ወፎች አባርሮ የሲሚንቶ ወፍ ማቆም! ፊቴ ሲለዋወጥ ሳሮን አይታ ቬሎዋን እየሰበሰበች «እማዬ፣ ዛሬን ብቻ» አለችኝ። ዛሬን ብቻ አትቆጪ ማለቷ ነው። አፌን ዘግቼ የቬሎዋን ጫፍ ከአቧራው አነሣሁላት።

ያ ግቢ ግቢ ከመሆኑ በፊት ሜዳ ነበር። ከባቡር ሠራተኞች ቤቶች ፊት ለፊት የተዘረጋ፣ አቧራው ከሰዓት በኋላ እግር የሚያቃጥል፣ ኳስ የምንጫወትበት፣ የታጠበ ልብስ የሚሰጣበት፣ ፍየሎች ሲሻቸው የሚተኙበት የማንም ያልሆነ ሜዳ፣ መካከሉ ላይ ደግሞ ቅርንጫፎቹ እስከ ጫፋቸው በሣር ጎጆ የተንዠረገጉ አንድ ትልቅ ግራር። ዝናብ ሲጀምር ቢጫዎቹ ወፎች ይመጣሉ፣ ጫጫታቸው የትምህርት ቤት ደወል እንዳይሰማን ያደርጋል፣ ለማርፈዳችንም ሁነኛ ምክንያት ነበር። አባዬ የባቡር ጋራዥ መካኒክ ነው። እማዬ ደግሞ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ሥራዋ ማሽኑ ላይ የሚበጠሰውን ክር ተከትሎ መቋጠር ነው፣ ቀኑን ሙሉ መሮጥና መቋጠር። ማታ ማታ ራት እየበላን ጣቶቿ ባዶውን ሲቋጥሩ እናይና እንስቅባታለን።

ካሜራውን ያመጣው አባዬ ነው። በባቡር ከመጣ ኮንትሮባንድ ላይ የገዛው የሩሲያ ሥሪት ነበር፣ ክብደቱ እንደ መዶሻ፣ የቆዳ ማኅደሩ ሽታም እንደ አዲስ ጫማ። ጎረቤቱን ሁሉ አሰልፎ አነሣ፤ ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ግን በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ከሰው በላይ ጎልቶ የሚታየው የራሱ አውራ ጣት ሆኖ አረፈው። ተናዶ ካሜራውን ቁም ሳጥን ላይ ወረወረው፣ እማዬ አወረደችው፣ ከዚያ በኋላ ማንም ከእጇ የነጠቃት የለም።

የሚገርመው እማዬ ሰው ማንሳት አልነበረም የሚያጓጓት። የሚያጓጓት የግራሩ ወፍ ነው፤ ከወፉም አንድ ነገር ብቻ። ወንዱ ወፍ ቤት ሊሠራ ሲነሣ መጀመሪያ አንዲት እርጥብ ሣር በምንቃሩ ይዞ ይመጣና ቀጭኗ ቅርንጫፍ ላይ ይቋጥራታል፤ መላው ጎጆ የሚንጠለጠለው በዚያች በመጀመሪያዋ ቋጠሮ ነው። እማዬ ሁለት እጅ፣ ዐሥር ጣት ይዛ ለመቋጠር ስትለፋ የምትውል ሰው ናትና፣ ይህ እጅ የሌለው ፍጡር በአፉ ብቻ እንዴት አድርጎ ነው የሚቋጥረው የሚለው ነገር እንቅልፍ ነሳት። ዓይን አይይዘውም፣ ፈጣን ነው። ፎቶ ግን ይይዘዋል ብላ አመነች። ያቺን ቋጠሮ ስትቋጠር ማንሳት፣ ከዚህ ሌላ ከካሜራው የፈለገችው የለም።

ግን ፊልም ውድ ነው፣ በመካኒክና በፋብሪካ ሠራተኛ ደመወዝ ለወፍ የሚገዛ አይደለም። እማዬ መላ አመጣች፤ ሰፈሩ ሠርግ ሲኖረው፣ ክርስትና ሲኖረው፣ ኢድ ሲሆን፣ ፊልሙን ባለጉዳዩ ይገዛል፣ እሷ ያለ ክፍያ ታነሣለች፣ ከፊልሙ መጨረሻ ጥቂቶቹ ግን የእሷ ናቸው። እነሱን «ጭራ» ትላቸው ነበር። ድሬዳዋ ደግሞ ቅጽል ስም ሳታወጣ የምታሳድረው ሰው የለምና ስሟ ከአስካለ ወደ አስኩ ጭራ ተዛወረ። ታጥቦ ሲመጣ ለባለጉዳዩ ፎቶውን ሁሉ ትሰጣለች፣ ከጭራውም አንዷን አሳጥባ አልበሙ መጨረሻ ላይ በእጇ ትለጥፋለች፣ እንደ ምርቃት መሆኑ ነው። ዛሬም በእኛ ሰፈር የቆየ አልበም ካለበት ቤት ገብታችሁ እስከ መጨረሻው ብትገልጡ፣ ከሙሽሮችና ከአማቶች ኋላ አንድ ወፍ ወይም አንድ ሽኮኮ ታገኛላችሁ።

«ታገኛላችሁ» ስል ደግሞ ከፈለጋችሁ ነው። ያ ካሜራ የሚያቀርብ ሌንስ አልነበረውም፣ ወፏ በፎቶው ውስጥ ከሰሊጥ ፍሬ አትበልጥም ነበር። አልበሙን የገለጠ ሁሉ «አስኩ፣ ወፏ የታለች?» ይላል። እማዬ ከጸጉሯ ሥር የዳንቴል ኪሮሿን መዝዛ በጫፉ ታሳያለች፣ ሰውዬውም አየሁ እያለ ሳያይ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ከጎረቤት ክርስትና የተረፈውን ጭራ ከከተማ ወጣ ብሎ ሐርላ፣ የጥንት ፍርስራሽ ውስጥ ለምትገኝ ሽኮኮ አስቀመጠችው። እሁድ እሁድ አባዬን ጎትታ፣ እኔን አስከትላ፣ በጭነት መኪና ጀርባ ተሳፍረን ከፍርስራሹ ድንጋዮች መሀል አድፍጠን እንውላለን፤ ድንጋዩ ይጋገራል፣ ሽኮኮዋ አንገቷን ብቅ ታደርግና አባዬ ሲያስነጥስ ትገባለች። በዚያ ከብት የሚጠብቁ ሴቶች ከብት የጠፋብን መስሏቸው አብረውን ይፈልጉ ጀመር። በመጨረሻ ሽኮኮዋ ተነሣች፣ ፊልሙም ታጠበ፣ ነገር ግን ያን ጊዜ የክርስትናው ሕፃን መዳህ ጀምሮ ነበር። የሕፃኑ አያት «የልጅ ልጄን ለአይጥ ብለሽ አስጠበቅሽው» ብላ እማዬን ለረጅም ጊዜ አኮረፈቻት፤ ፎቶው ላይ ሽኮኮዋ ከድንጋዩ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም መሆኗ ደግሞ ነገሩን አላቀለለውም።

ቅር ያላላት አንዲት ሴት ብቻ ናት፣ ከግድግዳ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ኤዶ ሐሊማ፣ ኤዶ የምንላት አክስት ለማለት ነው። የልጇ የነፊሳ ሠርግ ላይ ጭራው ረዘም እንዲል ሆን ብላ ዘመዶቿን ከሰልፍ ታስወጣ ነበር፣ «ውጣ አቦ! አንተ ባለፈው ተነሥተሃል!» እያለች። ሠርጉ የተደረገው ዝናብ በጀመረበት ሰሞን ነበርና እማዬ ጊዜዬ ዛሬ ነው አለች። አባዬ ከጋራዡ መሰላልና የዕቃ መሸፈኛ ሸራ አመጣላት፣ ግራሩ ሥር ተከለችው፣ ከሥራ መልስ ሸራውን ተከናንባ እላዩ ላይ ትቀመጣለች። ሰዓቱንም መርጣለች፤ ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ በርጫ ላይ ስትቀመጥ፣ ወንዱ ሁሉ ጫቱን ይዞ ቤቱ ሲከተት፣ ጋሪው ሲቆም፣ ሜዳው ጭር ይላል፣ ወፎቹ ብቻ ይቀራሉ። ኤዶ ሐሊማ ቡና ቅጠሉን በወተት አፍልታ ሆጃዋን በሽክና ትሞላና በልብስ መስቀያ እንጨት ላይ አንጠልጥላ ወደ ሸራው ታቀብላለች። ከታች ሆና ትጠይቃለች፣ «ቤቱን የሚሠራው ወንዱ ነው?» «ወንዱ ነው።» «ሴቷስ?» «መጥታ ታያለች፣ ካልወደደችው ሌላ ይሠራል።» «አየሽ! የእኛዎቹን ደግሞ ተመልከች፣ ምርቃና ላይ ናቸው» ትላለች፣ ድምጿ ሦስት ቤት ይሰማል።

እማዬ ልታነሣ ስትል መዳፏን ከሸራው ሥር አውጥታ ወደ ላይ ትዘረጋ ነበር፣ እኛ ልጆች ያኔ ትንፋሻችንን እንይዛለን። ልማድ ሆኖባት በሠርግም በክርስትናም እንደዚያው ታደርጋለች፣ ሙሽሮች፣ ሚዜዎች፣ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ወፍ እንደሚጠብቅ ሰው ፀጥ ይላሉ። የሰፈራችን የቆዩ ፎቶዎች ላይ ሰው ሁሉ በጆሮው የሚያዳምጥ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ቋጠሮዋን ግን አላገኘቻትም። ያገኘችው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፤ ወፉ ካለቀው ጎጆ ሥር፣ ወደ ታች ከተከፈተው አፍ ላይ፣ ራሱን ቁልቁል ዘቅዝቆ፣ ሣር ነክሶ፣ ክንፉን ሲያርገበግብ፣ ከዚያ በፊት ባልታየ ቅርበት። ነፊሳ ፎቶውን ስትቀበል «ይሄ የቱ ነው ላዩ?» ብላ እያገላበጠች ስትጠይቅ እማዬ ፎቶውን ቀና አድርጋ ለጠፈችላት፣ ዝናብ እንዳይገባበት የጎጆው በር ወደ ታች መሆኑንም አስረዳቻት። ጥሩ ፎቶ ነበር። እማዬ ግን ራሷን ነቀነቀች፣ «ዘግይቻለሁ፣ ቋጠሮው አልቋል» አለች፣ እና በሚቀጥለው ሠርግ ጠበቀች፣ ከዚያም በሚቀጥለው።

ዓመታት ሄዱ። ባቡሩ ቆመ፣ አባዬ አረፈ፣ ኤዶ ሐሊማም ተከተለች። ፊልም ከገበያ ጠፋ፣ ፊልሙ ይታጠብበት የነበረው የከዚራው ፎቶ ቤት ሞባይል መሸጫ ሆነ፣ ሰው ሁሉ ኪሱ ውስጥ ካሜራ ይዞ ዞረ፣ እማዬንም የሚፈልጋት ጠፋ። ይህን ሁሉ ችያለሁ። ያልቻልኩት አሁን እንስሳ አነሣን የሚሉትን ነው። ደንገጎ ዳገት ላይ መኪና አቁመው ለዝንጀሮ ሙዝ እየወረወሩ ቪዲዮ የሚቀርጹ፣ ዝንጀሮው ልመና ለምዶ አስፋልት ላይ ሲቀር ደግሞ እሱንም የሚቀርጹ፤ ኤሊ ገልብጠው ስትወራጭ እየሳቁ የሚያነሡ። የእኔ እናት አንዲት ሽኮኮ እንዳትደነግጥባት ባሏን ማስነጠስ የከለከለች ሴት ናት፣ ታዲያ ይህን እያየሁ እንዴት አልናደድ?

የእማዬን ዓይኖች ሞራ ጋርዷቸው ነበር፣ አምና ግን ከአንዱ ላይ ተነሣላት። እኔ ደግሞ የምታቀርብ፣ ጣት ከቁልፏ ላይ እስኪነሣ ድረስ ያለማቋረጥ የምታነሣ አዲስ ካሜራ ገዛሁላት። እንዳየቻት እንደ ሕፃን ታቅፋት ዋለች፤ «ለካሜራ አንድ ዓይን ይበቃል» አለች። መሰላል መውጣት ስለማትችል ደጃፋችን ላይ ወንበር አደላድለን፣ ከግራሩ ቅርንጫፎች አንዱን፣ ዝቅ ያለውን፣ መረጥን። ዝናቡን ስንጠብቅ እድሜዋን ሁሉ የጠበቀችው ነገር በጥቂት ቀን እንደሚደርስ እርግጠኛ ነበርን፣ እርግጠኛ መሆናችን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የመጀመሪያው ዝናብ ዘነበ፣ ወፎቹ መጡ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ እማዬ ጓዳ ነበረች፣ የሞተር መጋዝ ድምፅ ስትሰማ ጎረቤት በር የሚያሠራ መስሏታል። ስትወጣ ግራሩ ተጋድሟል። ወፎቹ ባዶው አየር ላይ፣ ዛፉ በነበረበት ከፍታ እየዞሩ ይጮኻሉ፣ ልጆች የወደቁትን ጎጆዎች እንደ ኳስ ይጠልዛሉ። ስደርስ እማዬ ከቅርንጫፎቹ መሀል መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እጇ ላይ አንዲት ጭራሮ ይዛለች፣ ጭራሮዋ ላይ ገና ያልደረቀች አረንጓዴ የሣር ቀለበት አለች፣ ያን ጠዋት የተጀመረች። በጥፍሯ እየነካካች፣ ወደ ደህናው ዓይኗ አስጠግታ ለረጅም ጊዜ አገላበጠቻት።

«ቋጠሮውን አየሁት» አለችኝ። «ሲቋጠር ግን አላየሁም።»

በማግሥቱ መሬት ቢሮ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ የሲሚንቶ አበባ ያስቀመጠ ሰውዬ «ዛፉ የማን ነው?» አለኝ። የማንም አይደለም፣ የሁላችንም ነው አልኩት። «ካርታ አለሽ?» የግራር ካርታ! ቦታው ለአልሚ በሕግ ተሰጥቷል፣ ይልቅ ከተማዋ ስታምር ደስ ይበልሽ ብሎ በትህትና ሸኘኝ። ከስድብ የባሰ ትህትና እንዳለ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። አልሚው ደግሞ ማን ሆኖ ተገኘ? ኢብሮ። የነፊሳ ልጅ፣ በመስቀያ እንጨት ሆጃ ታቀብል የነበረችው የኤዶ ሐሊማ የልጅ ልጅ፣ እጃችን ላይ ያደገ። ልጮህበት ሄጄ ፊቱን ሳየው አያቱን ይመስላል፣ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

«አቦ አትቆጪ» አለኝ። «ሙሽራ ትመጣለች፣ ወፎቹ ቬሎዋ ላይ ኩስ ይጥሉባታል፣ ጥፋቱ ወደ እኔ ነው። ደግሞ ወፏን መች ረሳኋት? ሲያልቅ ታያለሽ፣ ወላሂ ትወጂዋለሽ።»

እንግዲህ ሲያልቅ የታየው ይኸው ነው። ሌላ ፎቶ ማንሻ እንሂድ ብዬ ለምኜ ነበር፤ የሙሽራው ወገን ቀብድ ከፍሏል፣ የሳሮን ጓደኞች ሁሉ እዚያ ተነሥተዋል፣ ሴት አያቷም መምጣት አለባት ተባለ። እማዬን ደግፌ ሳስገባት ኢብሮ ሮጦ መጥቶ እጇን ሳመ፣ የምሩን ነው፣ ዓይኑ ላይ እንባ ነበር።

«እማማ አስኩ፣ ይቺ ያንቺ ወፍ ናት እኮ! ከእናቴ የሠርግ አልበም አውጥቼ ነው ለሠሪው የሰጠሁት። አንቺ ያነሣሻትን ነው ያሠራሁት፣ ለስምሽ ብዬ።»

እማዬ ወደ ወፉ ተጠጋች። እጇን ዘርግታ ሲሚንቶውን ዳበሰች፣ ምንቃሩን፣ ክንፉን፣ ከዚያ ጎጆውን ከሥሩ ጀምራ ወደ ላይ። እኔም ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት፤ የጎጆው አፍ ወደ ሰማይ ነው፣ እንደ ሳህን ተከፍቷል፣ ውስጡ ትናንት የዘነበው ውሃና አንድ የለስላሳ ጠርሙስ አለ። ሠሪው ፎቶውን ሲቀበል ወፍ ራሱን ዘቅዝቆ አይቆምም ብሎ ገልብጦ ያዘው፣ ወፉን ሲያቆም ቤቱን ገለበጠው። ይህ ሁሉ ሰው ሲያየው አንድም ሰው አልገባውም፣ ምክንያቱም ከመካከላቸው እውነተኛውን ጎጆ ቀና ብሎ ያየ የለም፣ ዛፉ እላያቸው ላይ እያለ።

«ገልብጣችሁታል፣ ልጄ» አለችው እማዬ በቀስታ። «ዝናብ ይገባበታል።»

ኢብሮ ወፉን አየ፣ ጎጆውን አየ፣ ከዚያ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። አሳዘነኝ ልል ነበር፣ አላሳዘነኝም። ምናልባት ነገ ያሳዝነኝ ይሆናል።

ፎቶ አንሺው ልጅ አምፖሎቹን አብርቶ ደረደረን፤ ሙሽሮቹ ወፉ አጠገብ፣ እማዬ ከመሀል፣ እኛ ግራና ቀኝ። የእሱ ካሜራ ጭራ የለውም፣ ማለቂያ የሌለው ነው፣ ለጫማ አንድ ሺህ፣ ለቀለበት አንድ ሺህ እያነሣ ለወፍ የሚተርፈው አንድም የለም። «አንድ፣ ሁለት» ሲል እማዬ ሳታስበው መዳፏን ወደ ላይ ዘረጋች። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። ከጀርባዬ ያሉት የድሮ ጎረቤቶቻችን ያዙ፣ ነፊሳ ያዘች፣ ሚዜዎቹም ለምን እንደሆነ ሳያውቁ ዝም አሉ፣ ሁላችንም ቀና ብለን ዛፉ የነበረበትን አየን። የአምፖሎቹ ጄኔሬተር ድምፅ ብቻ ነበር።

ልጁ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ «ይቺ ተበላሽታለች፣ የእማማ እጅ ፊታቸውን ሸፍኖታል፣ ሁላችሁም ሽቅብ ነው ያያችሁት፣ ላጥፋት?» አለ።

«እንዳትነካት!» ብዬ ጮህኩ፣ ሳሮን ቬሎዋን ይዛ ዞረችብኝ። አልበሟ መጨረሻ ላይ የምትለጠፈው ያቺ ናት፣ ሌላ ጭራ የለንም።

እማዬ ካሜራውን እንዲያሳያት ጠየቀች። ልጁ የካሜራውን መስታወት ወደ ደህናው ዓይኗ አስጠጋላት። ለብዙ ጊዜ አየችው፤ የራሷን እጅ፣ የተንጋጠጠውን ፊታችንን ሁሉ፣ ከበላያችን ያለውን ባዶ ሰማይ። ከዚያ ኪሮሿን ከጸጉሯ መዝዛ ሰጠችኝና፣ ቀልዷን ይሁን የምሯን ሳልለይ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲጠይቃት የኖረውን ጠየቀችኝ።

«ወፏ የታለች?»

ኪሮሹን ይዤ ቆምኩ። የምጠቁምበት ቦታ አልነበረኝም።